ተስፋ የተጣለባት ልጅ

ኤፕሪል 2 ቀን 2023 ዳላስ ውስጥ የመጨረሻው ደወል ሲጮህ የነጥብ ሰሌዳው 102 ለ85 ይላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ በአጭር ስሙ ኤልኤስዩ፣ አይዋን ረትቶ በሴቶች ቅርጫት ኳስ የመጀመሪያውን የአገር አቀፍ የኮሌጆች ዋንጫ ወሰደ። እስከዚያ ዕለት ድረስ በሴቶች ፍጻሜ ከመቶ ነጥብ በላይ ያስቆጠረ ቡድን አልነበረም። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የኤልኤስዩዋ ኤንጅል ሪስ የአይዋን ኮከብ ኬትሊን ክላርክን እየተከተለች መዳፏን በገዛ ፊቷ ላይ አወዛወዘች፤ ቀጥላ ደግሞ ቀለበት የሚገባበትን ጣቷን አሳየች። ካሜራው ሁሉ እዚያው ቀረ። በማግስቱ አሜሪካ ስለ 102 ነጥቡ ትታ ስለዚያች እጅ ስትከራከር ዋለች።

ከካሜራው ዓይን ትንሽ ራቅ ብላ ባለ 4 ቁጥር ማሊያ የለበሰች የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከጓደኞቿ ጋር ትጨፍራለች። ስሟ ፍሎጄ ጆንሰን ነው፤ ዕድሜዋ 19። በዚያ የውድድር ዘመን በኮንፈረንሳቸው ከአዲስ ገቢዎች ሁሉ ምርጥ ተብላለች። ይህን የመሰለ ጅምር ያላት ተጫዋች በየዓመቱ አትጠፋም። ፍሎጄን የሚለያት ኮሌጅ ከመግባቷ በፊት አገር በሌላ ሥራ የሚያውቃት መሆኗ ነው፤ ራፐር ነች።

ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም። በ2018፣ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለች፣ በቴሌቪዥኑ የተሰጥኦ ውድድር «አሜሪካስ ጋት ታለንት» መድረክ ላይ ቆማ ጦር መሣሪያ ይቁም የሚል ዘፈኗን አሰማች። በእንግድነት የተጋበዘው ዳኛ ወርቃማውን ቁልፍ ተጫነላት፤ ወርቃማ ብጥስጣሽ ወረቀት ዘነበባት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የራፐሩ የጄይ-ዚ ኩባንያ ሮክ ኔሽን ሙዚቃዋን ለማሰራጨት ተዋዋላት። የቅርጫት ኳስ መልማዮችም ጆርጂያ ውስጥ በምትማርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲመላለሱ ከርመው፣ በ2022 ከአገሪቱ ምርጥ ተመራቂ ተጫዋቾች ጋር አሰለፏት።

በእኛ ቋንቋ እንዲህ ያለውን ልጅ «ተስፋ የተጣለበት» እንላለን። ቃሉን ልብ ብሎ ለሰማው ትንሽ ይከብዳል። ዕዳ ይጣላል፤ ዕጣ ይጣላል፤ ተስፋም እንዲሁ ይጣላል። ጣዩ ሌላ፣ ተሸካሚው ሌላ ነው። ፍሎጄ ላይ ደግሞ ተስፋው የተጣለው ከመወለዷ በፊት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አባቷ ጄሰን ጆንሰን በጆርጂያዋ የወደብ ከተማ በሳቫና «ካሞፍላጅ» በሚል ስም የሚታወቅ ራፐር ነበር። ከሠፈር አልፎ ከትልቁ ኩባንያ ከዩኒቨርሳል ጋር ውል ደርሶታል። ሜይ 2003 ከአንድ ስቱዲዮ ደጃፍ ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ልጁ የተወለደችው በኖቬምበር ነው፤ አልተያዩም። እናቷ የሟቹን የመድረክ ስም ከመሀል ቆርሳ ለልጇ ሰጠቻት። ካሞፍላጅ ከሚለው ውስጥ ፍሎጄ ወጣ። እናትየው ዛሬም ሥራዋን የምትመራላት ሥራ አስኪያጇ ናት።

ይህች ልጅ ለምን ራፐር ሆነች ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቅርጫት ኳሱ ለምን ተጨመረ ብሎ የሚጠይቅም ቢሆን ሁለቱ ከአንድ ሠፈር መውጣታቸውን የማያውቅ ብቻ ነው።

ሂፕሆፕ ተወለደ የሚባለው ኦገስት 11 ቀን 1973 ነው፤ በብሮንክስ ሰጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 ሕንፃ ውስጥ ዲጄ ኩል ኸርክ ለእህቱ ድግስ ሸክላ ባጫወተበት ምሽት። ከዚያ የሃርለምን ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ 155ኛው መንገድ ላይ ረከር ፓርክ ይገኛል። አስፋልት ሜዳ ነው፤ ዙሪያው አጥር፣ ከጎኑ የቀበሌ ቤት የሚመስሉ ረጃጅም ሕንፃዎች። ሆልኮም ረከር የተባለ የመዝናኛ ቦታዎች ሠራተኛ በ1950 ገደማ የሠፈሩን ልጆች ከመንገድ ለማራቅ የጀመረው የበጋ ውድድር ኋላ ስሙን ለሜዳው አወረሰ። ዊልት ቻምበርሌይን ተጫውቶበታል፤ ካሪም አብዱል-ጃባርም እንዲሁ። ኬቪን ዱራንት በ2011፣ የአሜሪካው ፕሮፌሽናል ሊግ ኤንቢኤ በደመወዝ ክርክር በሩን በዘጋበት በጋ፣ አንድ ምሽት መጥቶ 66 ነጥብ አስቆጥሮ ሄዷል።

የሁለቱ ጋብቻ የተፈጸመውም እዚሁ ሠፈር ነው። በ1982 ግሬግ ማሪየስ የሚባል፣ ዲስኮ ፎር በተሰኘ የራፕ ቡድን ውስጥ ያለ ወጣት፣ ራፐሮች እርስ በርስ ቅርጫት ኳስ የሚጋጠሙበት ጨዋታ አዘጋጀ። የእሱ ቡድን ክራሽ ክሩ ከተባለው ጋር ገጠመ። ያ ጨዋታ አድጎ የረከር ፓርክ ዋነኛ የበጋ ውድድር ሆነ። በ2003 ጄይ-ዚና ፋት ጆ የተባለው ራፐር የየራሳቸውን ቡድን አቋቁመው፣ የኤንቢኤ ኮከቦችን እየጠሩ ተፋጠጡበት። የሚጠበቀው ምሽት ኦገስት 14 ነበር፤ በዚያ ቀን የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ መብራት ጠፋ፤ ጨዋታውም ቀረ።

በረከር ፓርክ ማይክ የያዘ ሰው ሜዳው ዳር፣ አንዳንዴም ሜዳው ውስጥ ይቆማል። ተጫዋች ኳስ ሲያነጥር አብሮ ያወራል፤ ሲያስቆጥር ያሞግሳል፤ ሲሳሳት ያሽሟጥጣል። ስም የሚያወጣም እሱ ነው። ጁሊየስ ኧርቪንግ መጀመሪያ የመጣ ሰሞን የሚሰጡት ቅጽሎች ስላልጣሙት «ዶክተር» እንዲሉት ራሱ ጠየቀ ይባላል። እዚህ ላይ የኛ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉበት የፈረስ ስም አለ፤ በግብር ላይ የሚነሣ ፎካሪም አለ። ፎካሪው ገዳይነቱን በስንኝ ይቆጥራል፤ ቆጥሮ ካልፈጸመ ግን መሳቂያ ነው። ኤንጅል ሪስ በዳላስ ያወዛወዘቻት እጅ፣ ራፐር በተቀናቃኙ ላይ የሚያወርደው ግጥም፣ ሁሉም የዚያው ዘር ናቸው። ጠላትን መሳደብ አይደለም ዋናው ቁም ነገር፤ ራስን በአደባባይ ዕዳ ውስጥ መክተት ነው።

ቋንቋውም ተዋውሷል። ዲጄዎች ከመንገድ ዳር የሚሸጡት «ሚክስቴፕ» የራፐር መታወቂያ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኤንድ-ዋን የተባለው የጫማ ድርጅት ሬፈር ኦልስተን የተባለ የኒውዮርክ ልጅ ረከር ፓርክ ላይ የሠራውን የኳስ ጉድ የሚያሳይ የቪዲዮ ካሴት እጁ ገባ። ከሥሩ የሂፕሆፕ ምት አስገብቶ፣ ሚክስቴፕ ብሎ ሰየመውና አሰራጨው። ኦልስተን በ1998 ወደ ኤንቢኤ ተመልምሎ በ2009 ለኦርላንዶ የፍጻሜ ጨዋታ እስከ መሰለፍ ደረሰ። ዛሬ የ15 ዓመት ተጫዋች ምርጥ ቅንጭብጫቢውን ኢንተርኔት ላይ ሲለቅ አሁንም ሚክስቴፕ ይለዋል፤ ካሴት ዓይቶ ባያውቅም።

ግን ዝምድና አንድ ነገር፣ ሁለቱን በአንድ ትከሻ መሸከም ሌላ ነገር ነው። ልዩነቱ ሰዓት ላይ ይታያል። በኤንቢኤ አንድ ቡድን ኳስ ከያዘ በ24 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት። ቁጥሩን ያመጣው የሲራክዩዝ ቡድን ባለቤት ዳኒ ቢያሶን ነው። በ1954 ቁጭ ብሎ ሲያሰላ ጥሩ ጨዋታ ሁለቱም ቡድኖች ተደምረው ወደ 120 ጊዜ የሚወረውሩበት መሆኑን አየ፤ የጨዋታውን 2,880 ሰከንድ ለ120 አካፈለ፤ 24 ሆነ። ራፐሩ ደግሞ የሚቆጥረው «ባር» ነው፤ አራት ምት አንድ ባር ይባላል፤ የተለመደው አንድ አንቀጽ 16 ባር አለው። በደቂቃ 90 ምት በሚመታ ሙዚቃ ላይ 16 ባር ከ43 ሰከንድ አያልፍም። ሁለቱም ሰዎች በጠባብ ጊዜ ውስጥ ተመልካች ያልጠበቀውን ለማድረግ ይሠራሉ። ራፐሩ ግን ካልጣመው ማጥፋትና እንደገና መቅዳት ይችላል። ተጫዋቹ አይችልም።

ይህን ያልተረዱ ኮከቦች ብዙ ናቸው፤ አንዱ ግን ቀንቶት ነበር። ሻኪል ኦኒል በ1992 በአንደኛነት ተመልምሎ ኦርላንዶ በገባ በዓመቱ «ሻክ ዲዝል» የተሰኘ አልበም አወጣ፤ አልበሙ ከሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጦ ፕላቲነም ተባለ። ሻክ ታላቅ ገጣሚ አልነበረም። ሰው የገዛው ሁለት ሜትር ከ16 የሆነውን ሳቂታ ልጅ ነው፤ ድምፁ አብሮ መጣ።

ኮቢ ብራያንት ግን የምሩን ነበር። የፊላዴልፊያ ልጅ ነው፤ ከሠፈር ጓደኞቹ ጋር የራፕ ቡድን ነበረው፤ ሶኒም አስፈረመው። ኩባንያው ከዚያ ጥሬ የሠፈር ግጥም ይልቅ ሬዲዮ የሚወደውን ነገር ፈለገ። በጃንዋሪ 2000 የወጣው «ኬ.ኦ.ቢ.ኢ.» የተባለ ነጠላ ዜማ አዝማቹን የምትዘፍነው ሞዴሏ ታይራ ባንክስ ነበረች። በፌብሩዋሪ በኦክላንድ በተደረገው የኮከቦች ሳምንት ሁለቱ መድረክ ላይ ወጥተው ተጫወቱት። አልተወደደም። የተዘጋጀው አልበም ሳይወጣ ቀረ፤ ኮቢም በዚያው ዓመት ከሌከርስ ጋር ከአምስቱ የመጀመሪያውን ዋንጫ ስላነሳ ስለ ዘፈኑ የሚያስታውስ ጠፋ። ከ18 ዓመት በኋላ የ14 ዓመቷ ፍሎጄ በተሰጥኦ ውድድሩ ስትቀርብ ከጎኗ ቆማ ፕሮግራሙን የምትመራው ይህችው ታይራ ባንክስ ነበረች። አጋጣሚ ነው፤ ግን ያምራል።

አለን አይቨርሰን የተፈተነው በሌላ በኩል ነው። እሱም በ2000 «ጁወልዝ» በሚል ስም አንድ ዘፈን ለቀቀ። ግጥሙ በሴቶችና በግብረ ሰዶማውያን ላይ ያወረደው ነገር ቁጣ ቀሰቀሰ፤ የኤንቢኤ ኮሚሽነር ዴቪድ ስተርን ጠርቶ አነጋገረው፤ አልበሙም ሳይወጣ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት አይቨርሰን የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። ሊጉ ጉዳዩን ግን አልረሳም፤ የሹሩባው፣ የንቅሳቱና የሰፊ ሱሪው ጉዳይ ሲንከባለል ቆይቶ በኦክቶበር 2005 የአለባበስ ደንብ ሆኖ ወጣ። ሥራ ላይ ያለ ተጫዋች ከልብስ በላይ የሚንጠለጠል ሰንሰለት፣ ኮፍያ፣ ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር እንዳያደርግ ተከለከለ። ተጫዋቾቹ ሂፕሆፕ እንደተከለከለ ነው የቆጠሩት፤ አልተሳሳቱም። የሚያስቀው በዚያው ጊዜ ጄይ-ዚ የኔትስ ቡድን ባለ ድርሻ መሆኑ ነው። ሊጉ ራፐሩን በባለቤቶች ወንበር አስቀምጦ የራፐሩን ሰንሰለት ከተጫዋቹ አንገት ያወልቅ ነበር።

ኮቢ በኦክላንድ መድረክ በወጣበት ፌብሩዋሪ፣ በዚያችው ከተማ ብሩክፊልድ በሚባለው ሠፈር ዴሚየን ሊላርድ የሚባል የ9 ዓመት ልጅ ይኖር ነበር።

ሊላርድ ተስፋ አልተጣለበትም፤ ታሪኩን የሚያጣፍጠውም ይህ ነው። ትልልቆቹ ኮሌጆች ስላላዩት ዩታ ውስጥ ኦግደን ከተማ ወዳለው ዌበር ስቴት ሄደ፤ አራት ዓመት ቆየ። በ2012 በ6ኛነት ወደ ፖርትላንድ ተመለመለ፤ በሚቀጥለው ዓመት መራጮቹ ሁሉ አንድም ሳይቀሩ ምርጥ አዲስ ተጫዋች አሉት። ማሊያው ላይ የሚያደርገው 0 ቁጥር ሳይሆን ፊደል ነው፤ ኦክላንድ፣ ኦግደን፣ ኦሪገን በእንግሊዝኛ ሦስቱም በዚያ ፊደል ይጀምራሉ። በ2016 ያወጣው የመጀመሪያ አልበሙም ስሙን ከዚሁ ፊደል ወስዷል።

ከአልበሙ በፊት የነበረው ሦስት ዓመት ነው የሚበልጠው። በ2013 ሊላርድ በየሳምንቱ ዓርብ ኢንስታግራም ላይ አራት ባር ብቻ ይለቅ ጀመር፤ ሌላውም ሰው የራሱን እንዲለቅ ጋበዘ። አራት ባር ማለት ከ15 ሰከንድ በታች ነው። ማንም ሰው በ15 ሰከንድ ውስጥ አይዋረድም፤ ማንም ሰው ግን ለሦስት ዓመት በየዓርቡ አይሠራም። ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ከልምምድ በኋላ ብቻውን ቀርቶ መቶ ቅጣት ምት የሚወረውረው እንዲህ ነው። ሊላርድ ራፕን ያጠናው በኳስ ተጫዋች ሥርዓት ነው ማለት ይቻላል። «ዴም ዶላ» የሚለው የፈረስ ስሙም ባዶ ጉራ አልሆነበትም፤ ኤፕሪል 2019 ከ11 ሜትር ርቀት ወርውሮ ኦክላሆማ ሲቲን ከውድድር ያስወጣበት ኳስና በፌብሩዋሪ 2023 በአንድ ጨዋታ ያስቆጠረው 71 ነጥብ ይመሰክሩለታል። ከሻክ እበልጣለሁ ብሎ በ2019 በተናገረ ጊዜ ሻክ በዘፈን መልስ ሰጠው፤ ሊላርድም በዘፈን መለሰለት። አርባ ሰባት ዓመት የሞላው ግዙፍ ሰው ከስቱዲዮ ወጥቶ ከወጣት ጋር ሲፎካከር ማየት ለአድማጭ ሠርግ ነበር።

ከወዲያኛው በር የሚገቡትም አሉ። ራፐሩ ማስተር ፒ በ1998 አገር ምድሩን በሸጠበት ወቅት ወደ ልጅነት ሕልሙ ተመልሶ ከሻርሎት፣ በሚቀጥለው ዓመት ከቶሮንቶ ጋር የዝግጅት ጨዋታ አድርጎ በመጨረሻው ሰዓት ተቀነሰ። ገንዘብ የማይገዛው ወንበር አለ።

የሌላው ራፐር የጄ. ኮል ታሪክ ግን ረዘም ይላል፤ የሚያደርሰንም እኛ አቅራቢያ፣ ኪጋሊ ነው። ኮል በኖርዝ ካሮላይናዋ ፌየትቪል ያደገ ልጅ ነው። ኒውዮርክ ሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለቡድኑ ሙከራ አደረገ፤ ለተጨማሪ ሙከራ ቢጠሩትም ሙዚቃውን መርጦ ቀረ፤ በ2007 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ። ከዚያ በኋላ ያወጣቸው ሥራዎች ግን ሜዳውን ያልረሳ ሰው ሥራዎች ናቸው። አንዱ ሚክስቴፕ ማሟሟቂያ፣ በ2011 የወጣው የመጀመሪያ አልበሙ የሜዳ ዳር ታሪክ፣ ሜይ 14 ቀን 2021 የወጣው ደግሞ ከውድድር ውጪ ያለው ወቅት የሚል ስም አላቸው። ይህ አልበም በወጣ በሁለተኛው ቀን፣ በ36 ዓመቱ፣ የሩዋንዳውን ፓትሪዮትስ ማሊያ ለብሶ አዲስ በተመሠረተው የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ የመክፈቻ ጨዋታ ላይ ገባ። ፓትሪዮትስ የናይጄሪያውን ሪቨርስ ሁፐርስ 83 ለ60 አሸነፈ። ኮል 17 ደቂቃ ያህል ተጫውቶ 3 ነጥብ፣ 3 ሪባውንድና 2 ለግብ የበቃ ኳስ አስመዘገበ። በሦስት ጨዋታ በጠቅላላው 5 ነጥብ አስቆጥሮ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ አልበሙ በአሜሪካ ሠንጠረዥ አንደኛ ነበር።

አዲሱ ሊግ በዓለም ዙሪያ ስሙ ተጠራ። ቴሬል ስቶግሊን ግን ደስ አላለውም። ለሞሮኮው አስ ሳሌ የሚጫወት አሜሪካዊ ነው፤ የዚያ ውድድር ከፍተኛ ነጥብ አስቆጣሪም እሱ ሆኗል። ሕይወታቸውን ሙሉ ለዚህ የደከሙ ተጫዋቾች ባሉበት ያ ወንበር ለዝነኛ መሰጠቱ ልክ አይደለም ሲል በይፋ ተናገረ። ቅር መሰኘቱ ይገባል። በቅርጫት ኳስ አንድ ሰው ሲገባ አንድ ሰው ይወጣል። ኤንቢኤ 30 ቡድን አለው፤ በቡድን 15 መደበኛ ተጫዋች ቢያዝ 450 ወንበር ነው። በዓመት የሚመለመሉት ቢበዛ 60 ናቸው። የሴቶቹ ሊግ በ2024 12 ቡድን ነበረው፤ በቡድን ቢበዛ 12 ተጫዋች፤ 144 ወንበር ለመላው ዓለም። ሙዚቃ ግን ወንበር አይቆጥርም። ኮል ስቱዲዮ ሲገባ ማንም አልወጣለትም።

ኤልያስ ወይም ሔኖክ የሚባል የሠፈር ልጅ በሁለቱም ጎበዝ ቢሆን የትኛው በር ቶሎ እውነቱን ይነግረዋል ቢባል መልሱ ሜዳው ነው። ሜዳው በ18 ዓመት ቁመትህን ለክቶ፣ ፍጥነትህን ሰፍሮ ይነግርሃል። ሙዚቃ አይነግርም፤ ያስጠብቃል። አንዳንዴ ደግሞ ሳይታሰብ ይከፍታል።

ሊአንጀሎ ቦል ለዚህ ይጠቀሳል። አባቱ ላቫር ሦስት ወንዶች ልጆቹ ኤንቢኤ እንደሚገቡ በየቴሌቪዥኑ ሲምል ኖሯል። ታላቁ ሎንዞ በ2017 በ2ኛነት፣ ታናሹ ላሜሎ በ2020 በ3ኛነት ተመለመሉ። መካከለኛው ወደ ዩሲኤልኤ ገብቶ አንድም መደበኛ ጨዋታ ሳያደርግ፣ ቡድኑ ቻይና በሄደበት በሱቅ ዕቃ ስርቆት ተይዞ ታገደ፤ ዩኒቨርሲቲውን ለቀቀ፤ ሊትዌኒያ ሄዶ ተጫወተ፤ በ2018 የተጫዋቾች ምልመላ፣ በድራፍቱ፣ ስሙ አልተጠራም። ዓመታት በታችኛው ሊግ አለፉ። በጃንዋሪ 2025 «ትዊከር» የተባለ ዘፈን ለቀቀና የተጫዋቾችን መልበሻ ክፍሎች አጥለቀለቀ፤ የወንድሞቹ ባልደረቦች ማሞቂያ አደረጉት። የቢልቦርድ ሠንጠረዥ ውስጥ ገና ሲገባ 29ኛ ሆነ፤ የሙዚቃ ኩባንያው ዴፍ ጃም አስፈረመው። አባት ያልጣለበት ተስፋ ነው የያዘለት።

በዚያ ዘፈን ሁለተኛ ቅጂ ላይ የኒው ኦርሊንሱ ሊል ዌይን ገባበት። ይኸው ሰው በሊላርድ የመጀመሪያ አልበም ላይ አለ። በ2024 ፍሎጄ ባወጣችው ሥራ ላይም አለ። ዌይን ራሱ ገና በልጅነቱ ኩባንያ ያስፈረመው ሰው ነው፤ እንደ ክርስትና አባት የሦስቱንም እጅ ይዞ አስገብቷል።

ፍሎጄ ከእነ ኮቢ የምትለይበት ትልቁ ምክንያት ግን ዌይን አይደለም፤ ቀን ነው፤ ጁላይ 1 ቀን 2021። እስከዚያ ድረስ የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት የበላይ የሆነው ኤንሲኤኤ ተማሪ ተጫዋች በስሙና በመልኩ ገንዘብ እንዳያገኝ ይከለክል ነበር። በ2017 አንድ የሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ መቺ በዩቲዩብ ቪዲዮዎቹ ገንዘብ ማግኘቱን አልተውም ስላለ የመጫወት መብቱን አጥቷል። ከጁላይ 2021 በኋላ ይህ ተነሣ። ፍሎጄ በሚቀጥለው ዓመት ኤልኤስዩ ያለበት ባተን ሩዥ ስትደርስ ከፑማ ጋር እየተዋዋለች፣ ዘፈን እየለቀቀች፣ ክላስ እየገባች ነበር። አራት ዓመት ቀደም ብላ ብትወለድ ከሁለቱ አንዱን አስቀምጪ ትባል ነበር።

ሴት መሆኗም ስሌቱን ይለውጠዋል። ወንድ ተጫዋች 19 ዓመት ሞልቶት ከሁለተኛ ደረጃ ከወጣ አንድ ዓመት ካለፈው ወደ ኤንቢኤ መሄድ ይችላል፤ እዚያም ሚሊዮኖች ይጠብቁታል። ሴቷ ግን ኮሌጅ መጨረስ ወይም በድራፍቱ ዓመት 22 መሙላት አለባት፤ በ2024 በአንደኛነት የተመለመለችው ኬትሊን ክላርክ ለመጀመሪያ ዓመቷ የተመደበላት የሊግ ደመወዝ 76 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ስለዚህ ለሴት ተጫዋች ሁለተኛ ሙያ ቅንጦት አይደለም። ማይክራፎኑን አስቀምጪና በኳሱ አተኩሪ የሚሏት ሰዎች በምን እንደምትኖር አይነግሯትም።

ትኩረቱ ቀንሶባት እንደሆነ ደግሞ ቁጥሩ ይናገራል። በ2024–25 የውድድር ዘመን፣ ያን የ2024 ሥራዋን በለቀቀች ማግስት፣ በአማካይ 18.6 ነጥብ አስቆጠረች። በቀደመው ዓመት የቡድኑ ጌታ የነበረችው ኤንጅል ሪስ ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ስለሄደች ኳሱ ወደ ፍሎጄ እጅ መጥቶ ነበር።

ማርች 30 ቀን 2025 በስፖካን፣ ወደ መጨረሻዎቹ አራት ለመግባት ኤልኤስዩ ከዩሲኤልኤ ጋር ተገናኘ። ፍሎጄ 28 ነጥብ አገባች። ቡድኗ 72 ለ65 ተሸነፈ።

በዚያ ኖቬምበር 22 ዓመት ይሞላት ስለነበር የዚያ ዓመት ድራፍት በሩ ክፍት ነበረላት። ስሟን አላስገባችም። በመኸር ባተን ሩዥ ላይ አራተኛ ዓመቷን ጀመረች፤ ማሊያው ያው ባለ 4 ቁጥሩ ነበር።